ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ፦ ሱፐርክሮስ ስታዩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱፐርክሮስን፣ ማለትም ስታዲየም ውስጥ አፈር ላይ የሚደረገውን የሞተር ብስክሌት ውድድር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ዴንቨር ነው። የአሜሪካ ፉትቦል የሚጫወቱበት ስታዲየም ሣሩ ጠፍቶ ዳር እስከ ዳር አፈር ለብሷል። አፈሩ እዚህ ተቆልሏል፣ እዚያ ተቦርብሯል። ሞተሮቹ ሲነሡ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ነው የተሰማኝ። ያን ቀን ሙሉውን ወደ ላይ እያንጋጠጥኩ ዋልኩ። ሞተር ሲዘል፣ አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ ሰው ሲጮህ።

አጠገቤ የተቀመጡት አንድ አዛውንት ግን አንዴም ወደ ላይ አላዩም። ዓይናቸው ከጎማው አይነሣም። ሲያልቅ ማን ለምን እንዳሸነፈ፣ የት ላይ እንደቀደመ፣ የት ላይ እንደተሳሳተ አንድ በአንድ ነገሩኝ። እሳቸው ያዩትና እኔ ያየሁት አንድ ውድድር አይመስልም ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከእህቴ ልጅ ጋር እሄዳለሁ። ወዳጆቼንም ወስጃለሁ። አዲስ ሰው ሁሉ የሚሠራቸው ስህተቶች ይመሳሰላሉ። ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ወይም ዳላስ አካባቢ የምትኖሩ ከሆነ ይህ ውድድር ብዙውን ጊዜ ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን አይቶ ትኬት መቁረጥ

የመጀመሪያው ስህተት ገና ቤት ሳለን፣ ትኬት ስንቆርጥ ነው የሚሠራው። የውድድሩ ሙሉ ስም ሞንስተር ኢነርጂ ሱፐርክሮስ ነው። ሞንስተር ኢነርጂ ስፖንሰር ያደረገው የመጠጥ ድርጅት ነው። በሌላ በኩል ሞንስተር ጃም የሚባል ትርኢት አለ። እሱ ጎማቸው ከሰው ቁመት የሚበልጥ መኪኖች እየዘለሉ ሌላ መኪና የሚጨፈልቁበት ነው። ሁለቱንም የሚያዘጋጀው ፌልድ ኢንተርቴይንመንት የሚባል ድርጅት ነው። ሁለቱም በአንድ ዓይነት ስታዲየም፣ አፈር ላይ፣ ብዙ ጊዜም በተቀራረቡ ሳምንታት ይካሄዳሉ።

አንድ ወዳጄ ለአራት ሰው ቆርጦ ገብቶ ሞተር ቢጠብቅ ቢጠብቅ አጣ። ልጆቹ በመኪናው በጣም ተደሰቱ። እሱ ግን ሊያሳያቸው የፈለገው ሌላ ነበር። ትኬቱ ላይ «ሱፐርክሮስ» የሚለው ቃል መኖሩን ሳታዩ አትክፈሉ።

ከሞቶክሮስ ጋር አንድ አድርጎ ማየት

ሞቶክሮስ እናት ናት፣ ሱፐርክሮስ ልጅ። ሞቶክሮስ የሚካሄደው ከከተማ ውጭ፣ በተፈጥሮ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦገስት ይሮጣል። በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 30 ደቂቃ ከሁለት ተጨማሪ ዙር ጋር ይጋልባሉ። እዚያ ጉልበትና ፍጥነት ይገዛል።

ሱፐርክሮስ ያንኑ ውድድር ወደ ስታዲየም ያስገባ ነው። በ1972 ሎስ አንጀለስ ኮሊሲየም ውስጥ አፈር ተደፍቶ ውድድር ተደረገ። ያሸነፈው ማርቲ ትራይፕስ የሚባል የ16 ዓመት ልጅ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ ሙሉ ሻምፒዮና ሆኖ ተቋቋመ። ዛሬ ከጃንዋሪ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ 17 ጊዜ፣ በአብዛኛው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይካሄዳል።

ቦታው ጠባብ ስለሆነ መሙ ይጠማዘዛል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሞተረኛው አንዲትም ሰከንድ አያርፍም። ቀጥ ያለ መንገድ የለም። ሞቶክሮስ ላይ አንዲት ስህተት ሠርቶ ዳገቱ ላይ ማካካስ ይቻላል። እዚህ ግን አንድ ዝላይ ከተበላሸ ቀጣዩ ይበላሻል፣ ቀጣዩም ሌላውን ያበላሻል። አንዱን ውድድር በሌላው ዓይን ካያችሁት ዋናው ነገር ያመልጣችኋል።

ዋናው ሲጀመር ብቻ መድረስ

ብዙ ሰው ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ሰዓት አይቶ በዚያው ሰዓት ይደርሳል። ያኔ ግማሹ ሥራ አልቋል። ከሰዓታት በፊት ሞተረኞቹ በሰዓት የሚለካ ልምምድ ያደርጋሉ። ውድድሩ በሞተር መጠን በሁለት ክፍል ይከፈላል፤ በየክፍሉ ወደ ዋናው ፕሮግራም የሚያልፉት ፈጣኖቹ 40 ናቸው። ከዚያ ውጭ የሆነ ሞተሩን ጭኖ ይመለሳል።

በዚሁ ሰዓት ከስታዲየሙ ውጭ የተመልካቾች ድግስ አለ። ሞተረኞቹን በቅርብ ታያላችሁ፣ ልጆች ፊርማ ያስፈርማሉ። የእህቴ ልጅ በሰባት ዓመቱ ያስፈረመው ፖስተር እስካሁን ከአልጋው በላይ ተለጥፏል። ባለፈ ባገደመ ቁጥር «አጎቴ፣ እጁን ጨብጬዋለሁ እኮ» ይለኛል። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ሂዱ።

ልምምዱን ማየት ሌላም ጥቅም አለው። መሙን ትለምዱታላችሁ። የትኛው ጉብታ እንደሚያስቸግር፣ ማን ሁለት ጉብታ፣ ማን ሦስት ጉብታ በአንዴ እንደሚዘል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ዋናው ሲጀመር እንግዳ አትሆኑም።

ውድ ነው ብሎ የፊት ወንበር መምረጥ

ኳስ ሜዳ ላይ ፊት መቀመጥ ጥሩ ነው። እዚህ ግን ከመጀመሪያው ጉብታ በኋላ ያለው ሁሉ ይሸፈናል። ሞተረኛው ከፊታችሁ ሽው ብሎ ያልፋል፣ አፈር ይደርሳችኋል፣ ከዚያ እንደገና እስኪዞር ትጠብቃላችሁ። ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ። ሁለተኛው ደርብ ላይ ሆናችሁ መሙ ሁሉ እንደ እጃችሁ መዳፍ ይታያችኋል። መሪውን ብቻ ሳይሆን ከስምንተኛ ወደ አምስተኛ እየገሰገሰ ያለውንም ትከታተላላችሁ። ገንዘብም ትቆጥባላችሁ።

ስለ ጆሮና ስለ ልብስ አጭር ነገር ልጨምር። የልጅ ጆሮ መከላከያ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን አደራ እላለሁ። 22 ሞተር በአንድ ጊዜ ሲጮህ ለአዋቂም ይከብዳል። ጣሪያ የሌለው ስታዲየም ከሆነ ጃኬት አይቅር። ዴንቨር በሜይም ቢሆን ፀሐይ ስትጠልቅ ይቀዘቅዛል። ቦርሳም አስቡበት፤ ብዙዎቹ ስታዲየሞች የሚያስገቡት ውስጡ የሚታይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። የውድድሩ ወራት ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማሉ። የምትጾሙ ከሆነ በልታችሁ ግቡ። ውስጥ የምታገኙት በአብዛኛው ሥጋና አይብ ነው።

የበሩን መውደቅ አለማየት

አሁን ወደ ውድድሩ እንግባ።

22 ሞተረኞች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከፊታቸው የብረት በር አለ። አንድ ሰው «30» የሚል ሰሌዳ ያሳያል። ሠላሳ ሰከንድ ማለት ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ ጎን ያዞረዋል። ከዚያች ቅጽበት በኋላ በሩ መቼ እንደሚወድቅ በትክክል ማንም አያውቅም። ጥቂት ሰከንድ ነው፣ ግን ረጅም ነው። ሁሉም አንድ እጁ ፍሪሲዮን ላይ፣ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ቸኩሎ የለቀቀ በሩ ላይ ይጋጫል፣ ምክንያቱም በሩ የሚወድቀው ወደ ሞተረኛው ነው። የዘገየም ቀረ።

ሰው በዚህ ሰዓት ስልኩን ያወጣል። ቪዲዮ ሊቀርጽ ይፈልጋል። ስክሪኑ ውስጥ ሲያስተካክል በሩ ወድቆ ሁሉም መጀመሪያው መታጠፊያ ደርሰዋል። ያቺን መታጠፊያ ቀድሞ የወጣ ሆልሾት ወሰደ ይባላል። ከፊቱ ማንም የለም፣ አፈር አይረጭበትም፣ የፈለገውን መስመር ይመርጣል። ወደ ኋላ የቀረው ግን በአሥራ ምናምን ሰው መካከል ነው መንገድ የሚፈልገው። በጠባብ መም ላይ ያ ልዩነት እስከ መጨረሻው ሊከተለው ይችላል።

ስለዚህ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱ። ከበሩ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች በዓይናችሁ እዩአቸው።

ከፍ ብሎ የዘለለውን ጎበዝ ማለት

ይህ ትልቁ ስህተት ነው። እኔም ያንን የመጀመሪያ ቀን ሙሉ ስሠራው ነው የዋልኩት። ከፍ ብሎ የዘለለ ሲመጣ ስታዲየሙ ይጮኻል። አጨብጫቢው አዲስ ተመልካች ነው። የቆየው ሰው ዝም ይላል፣ ምክንያቱም ያ ሞተረኛ ጊዜ እያባከነ እንደሆነ ያውቃል።

ነገሩ ቀላል ነው። ሞተር የሚገፋው ጎማው መሬት ሲነካ ነው። ጎማው አየር ላይ ሆኖ ነዳጅ ብትሰጠው የትም አያደርስህም። ስለዚህ አየር ላይ የሚጠፋው እያንዳንዷ ቅጽበት ከፍጥነት ላይ የተቀነሰች ናት። ጥሩ ሞተረኛ ዝላዩን ማሳጠር፣ ዝቅ ማድረግ፣ ቶሎ መሬት መንካት ነው የሚፈልገው። የምትመለከቱት የዝላይ ትርኢት አይደለም፤ ለቁመት ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ የለም። ቀድሞ የገባ አሸነፈ፣ በቃ።

ዝላይን ዝቅ የማድረጉን ጥበብ ወደ ሌላ ደረጃ ያደረሰው ጄምስ ስቱዋርት ነው። ቅጽል ስሙ ቡባ ነው። የፍሎሪዳ ልጅ፣ ጥቁር አሜሪካዊ። በ2002፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ የ125 ሲሲ (ሲሲ የሞተሩ መጠን ነው) የሞቶክሮስ ሻምፒዮን ሆነ። በአሜሪካ ሞተር ስፖርት ውስጥ ትልቅ ሻምፒዮና ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ተብሎ ይጠቀሳል። በሱፐርክሮስ ዋናው ክፍል 50 ጊዜ አሸንፏል፣ በ2007 እና በ2009 ሻምፒዮን ነበር።

እሱ የሚያደርገውን በዝግታ ላሳያችሁ። ሌላው ሰው ጉብታውን ቀጥ ብሎ ወጥቶ እንደ ድንጋይ ይወረወራል። ስቱዋርት ግን የጉብታው ጫፍ ላይ ሊደርስ ሲል ሞተሩን ወደ ጎን ያጋድመዋል። ሞተሩ ወደ ላይ ከመወርወር ይልቅ ጫፉን ልሶ ያልፋል። አየር ላይ መሪው ወደ ጎን ዞሯል፣ ሞተሩ ጠፍጣፋ ተኝቷል፣ የሚወድቅ ይመስላል። መሬት ሊነካ ሲል ቀጥ ያደርገዋል፣ ያርፋል፣ ነዳጅ ይሰጣል። ጎኑ የነበረው ሰው ገና አየር ላይ ነው። ይህን ስክረብ ይሉታል። በእሱ ስም ቡባ ስክረብ የሚሉትም ብዙ ናቸው። ዛሬ ሁሉም ያደርገዋል፣ ያለሱ ፊት ሆኖ መጨረስ ከባድ ነው።

ሌላም ላሳያችሁ። አየር ላይ ያለ ሞተር አፍንጫው ወደ ታች ካዘነበለ ሞተረኛው ነዳጅ ይሰጣል፤ የኋላ ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር አፍንጫው ቀና ይላል። አፍንጫው ከመጠን በላይ ከተነሣ ደግሞ የኋላ ፍሬን ይረግጣል፣ ዝቅ ይላል። ቢያንስ 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሞተር አየር ላይ በእግርና በእጅ እንዲህ ይታዘዛል። በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ድምፁን አዳምጡ። አየር ላይ እያለ አጭር ጩኸት ከሰማችሁ አፍንጫውን እያነሣ ነው።

የጄምስ ታናሽ ወንድም ማልኮም ስቱዋርት እስካሁን ይጋልባል። ለዓመታት በዋናው ክፍል ሲወዳደር አንድም ድል አልነበረውም። ፌብሩዋሪ 2025 ላይ ታምፓ፣ ካደጉበት ከተማ ከሄይንስ ሲቲ ብዙም ሳይርቅ፣ በ32 ዓመቱ አሸነፈ። እኛ ያየነው ቤት ቁጭ ብለን ነው። የእህቴ ልጅ ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር የጨረሰው። እናቱም አልተቆጣችውም።

ዉፕሱን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ

ትላልቆቹ ዝላዮች ዓይን ይስባሉ። ውድድሩ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው ግን ዉፕስ የሚባለው ቦታ ላይ ነው። ተከታትለው የተደረደሩ ትናንሽ ጉብታዎች ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ናቸው። ቀርባችሁ ብትቆሙ ግን ጉልበትና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ።

ፈጣኑ ሞተረኛ ጉብታና ጉድጓዱን አይከተልም። ማርሹን ከፍ አድርጎ፣ ክብደቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ በጉብታዎቹ አናት አናት ላይ ይበራል። ጎማው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው። እጁን ቢያላላ፣ ነዳጁን ቢቀንስ፣ የፊት ጎማው በሁለት ጉብታ መካከል ይገባና በጭንቅላቱ ይወረውረዋል። ድፍረት ከየትም በላይ እዚህ ይታያል። የደከመ ሞተረኛ ቀድሞ የሚታወቀውም እዚህ ነው። ክንዱ ይደነድናል፣ መሪውን መጨበጥ ያቅተዋል፣ ሰውነቱ ከሞተሩ ጋር መናወጥ ይጀምራል።

ውድድሩ በገፋ ቁጥር ዉፕሱ ይፈርሳል። ያኔ አንዳንዱ መብረሩን ትቶ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ማለፍ ይጀምራል። ማን ቀድሞ መንገዱን እንደቀየረ ልብ በሉ። ብልህነት ነው።

«የመጨረሻ ዕድል» ላይ ተነሥቶ መሄድ

ከዋናው ውድድር በፊት በእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ማጣሪያ አለ። ከእያንዳንዱ ዘጠኝ ሰው ያልፋል። ይህ 18 ነው። ዋናው ላይ የሚሰለፉት 22 ናቸው። የቀሩትን አራት ቦታዎች ለመውሰድ ያላለፉት ሁሉ አንድ ላይ ይለቀቃሉ። የመጨረሻ ዕድል ማጣሪያ ማለት ይህ ነው።

ሰው ምግብ ለመግዛት የሚነሣው በዚህ ሰዓት ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ከቀኑ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። እዚህ ያሉት በአብዛኛው ትልቅ ፋብሪካ የማይደግፋቸው ናቸው። ሞተራቸውን በራሳቸው ቫን ጭነው፣ ሌሊቱን ነድተው፣ ራሳቸው አጥበውና ጠግነው የመጡ አሉ። አራተኛ የወጣው ዋናው ላይ ይጋልባል፣ ነጥብና ገንዘብ ያገኛል። አምስተኛው ጓዙን ሸክፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ለአራተኛነት የሚደረገው ትግል ለአንደኛነት ከሚደረገው ይበልጣል። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ሁለት ሞተር ተጋጭቶ ሦስተኛው ሾልኮ ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁ። የወደቀው ልጅ ሞተሩን እየገፋ ወጣ። አዛውንቱ ጎረቤቴ ቆመው አጨበጨቡለት።

ስለ መጋጨት ካነሣን፣ ሲነካኩ ሁሉ «ፋውል!» ብላችሁ አትቆጡ። መታጠፊያ ላይ ከውስጥ ገብቶ የሌላውን መንገድ መዝጋት የዚህ ጨዋታ አካል ነው። ወሰን አለው፣ ያለፈው ይቀጣል። በአግባቡ የተደረገ መዝጋት ግን ያስጨበጭባል።

ሲቀዘቅዙ መጮህ

አንዳንዴ ሞተረኞቹ ድንገት ዝላዩን ትተው ጉብታውን ቀስ ብለው ሲወጡና ሲወርዱ ታያላችሁ። አዲስ ተመልካች «ምን ነካቸው?» ብሎ ያፏጫል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ነጭ ባንዲራ ላይ ቀይ መስቀል ተነሥቷል ማለት ነው። ከጉብታው በስተጀርባ ሰው ወድቋል፣ ሐኪሞች መሙ ላይ ገብተዋል። ቀይ መስቀል ባለበት መዝለልም ሆነ መቅደም ክልክል ነው። የዘለለ ይቀጣል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሚዘል ሰው ከጉብታው ማዶ ያለውን አያይም። በዚያ ከፍታና ፍጥነት የወደቀ ሰው ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። የቀዘቀዘው ሞተረኛ ሻምፒዮናውን ሊያጣ ይችላል። ግን ይቀዘቅዛል። ያኔ ዝም በሉ፣ የወደቀው ተነሥቶ ሲሄድ አጨብጭቡለት።

250ውን የልጆች ውድድር ማድረግ

ሁለት ክፍል አለ፤ 450 እና 250። ቁጥሩ የሞተሩ ሲሲ ነው። ዋናው 450 ነው፣ 20 ደቂቃና አንድ ዙር ይጋልባሉ። 250ው 15 ደቂቃና አንድ ዙር ነው። 250ው በምሥራቅና በምዕራብ ተከፍሎ ሁለት ሻምፒዮን ያወጣል። ለዚህ ነው ባለፈው ሳምንት ያያችሁት የ250 ሞተረኛ ዛሬ ላይኖር የሚችለው። የነገዎቹን ሻምፒዮኖች የምታዩት እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ስማቸውን ያዙ።

ያሸነፈውን ሁሉ መሪ ማለት

ሁለት ነገር እዚህ ይምታታል። አንደኛው ትሪፕል ክራውን የሚባለው ቀን ነው። ከ2018 ጀምሮ በዓመት ጥቂት ጊዜ ይደረጋል። ሁለቱ ማጣሪያዎች የሉም፣ ሦስት አጫጭር ዋና ውድድር አለ። የሦስቱ ደረጃ ይደመራል፣ ትንሹ ድምር ያሸንፋል። ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ የወጣ 6 ነው። አንደኛ፣ አንደኛ፣ ስምንተኛ የወጣ 10 ነው። አንድም ያላሸነፈው አሸነፈ።

ሁለተኛው የዓመቱ ነጥብ ነው። አሁን አንደኛ የወጣ 25፣ ሁለተኛ 22፣ ሦስተኛ 20 ያገኛል። ልዩነቱ ጠባብ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አምስቱ ውስጥ የሚገባ ሰው አንዴ አሸንፎ አንዴ የሚወድቀውን ሊበልጠው ይችላል። በ2025 ቼዝ ሴክስተን ከኩፐር ዌብ የበለጠ ውድድር አሸነፈ። ሻምፒዮን የሆነው ግን ዌብ ነው፤ በ2 ነጥብ። ከ17 ውድድር በኋላ ሁለት ነጥብ! በነጥብ የሚመራውን በቀይ ታርጋው ትለዩታላችሁ። ቁጥሩ ያለበት የሞተሩ ፊት ቀይ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ስህተት አለ፤ ቀይ ታርጋ ያለውን «አለቀለት፣ ዋንጫው የሱ ነው» ማለት። እኔ ይህን ያልኩት ሜይ 13 ቀን 2023፣ እዚሁ ዴንቨር ነው።

ኢላይ ቶማክ የኮሎራዶ ልጅ ነው፣ የኮርቴዝ ተወላጅ። አባቱ ጆን ቶማክ በተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። በ2020 እና በ2022 ልጁ ሱፐርክሮስን አሸንፏል። በ2023 ከሚከተለው ሴክስተን በ18 ነጥብ እየመራ ወደ ዴንቨር መጣ። የቀሩት ሁለት ውድድሮች ብቻ ነበሩ። በአገሩ፣ በሕዝቡ ፊት ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል። ስታዲየሙ የእሱ ስም በተጻፈበት ማልያ ተሞልቶ ነበር። የእህቴ ልጅም ለብሷል።

ዋናው ውድድር ተጀመረ፣ ቶማክ መራ። ከዚያ ከአንድ ዝላይ ሲያርፍ የሆነ ነገር ሆነ። አልወደቀም። ማንም አልነካውም። ሞተሩ ቀዘቀዘ፣ እሱም ከመሙ ወጣ። መጀመሪያ ሞተሩ የተበላሸ መሰለን። የተበጠሰው ግን የተረከዙ ጅማት ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ስታዲየም እንደዚያ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አላየሁም። ውድድሩ ቀጥሏል፣ ሞተሮቹ ይጮኻሉ፣ ሰው ግን ዝም ብሏል። ሴክስተን አሸነፈ፣ በነጥብም መሪ ሆነ፣ የዓመቱም ሻምፒዮን ሆነ።

የእህቴ ልጅ አላለቀሰም። ማልያውን ቁልቁል እያየ «አጎቴ፣ ተመልሶ ይመጣል?» አለኝ። በ2024 መጀመሪያ ላይ ቶማክ እንደገና በሩ ላይ ተሰለፈ። ዜናውን ቀድሞ የነገረኝ የእህቴ ልጅ ነው።

ቶሎ ወደ ፓርኪንግ መሮጥ

ሰው አሸናፊው መስመሩን እንዳለፈ ተነሥቶ ይሮጣል። ፓርኪንጉ ለማንኛውም ይጨናነቃል። ቁጭ በሉ። ሦስቱ አሸናፊዎች መድረክ ላይ ሲወጡ አፈር የለበሰ ፊታቸው፣ መነጽሩ የነበረበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ገና ትንፋሻቸው ሳይመለስ ነው የሚያወሩት።

ትንሽ ከቆያችሁ ደግሞ ሎደሮቹ ሲገቡ ታያላችሁ። ያን ሁሉ ጉብታ ለመሥራት የሚገባው አፈር ወደ 500 ገልባጭ መኪና ጭነት ነው ይባላል። ለቀናት ተለክቶ የተሠራ ነው። ከሥሩ ሜዳው እንዳይጎዳ ፕላስቲክና ጣውላ ተነጥፏል። ገና ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ የመጀመሪያው አካፋ የመጨረሻውን ጉብታ ይንደዋል። በብዙ ከተማ አፈሩ ተጭኖ ሄዶ ይከመራል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያው አፈር ይመለሳል። የእህቴ ልጅ አንዴ ከታች ረድፍ ላይ የወደቀች ጭብጥ የማታህል አፈር አግኝቶ በናፕኪን ጠቅልሎ ወደ ቤት ወሰደ። ከፖስተሩ ሥር አስቀምጧታል።